እናቶቻችን ሲጨነቁ እኛ የት ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እዚህ ስጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመጻሕፍትና ከመምህራን ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ። ዛሬ ግን ምጣድ አጠገብ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ትምህርቱ ወደ እኔ የመጣው ተግሣጽ ሆኖ ነው፤ ከእናንተም መካከል የሚመለከተው ሰው እንደማይጠፋ አምናለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በአንድ እሑድ ጉባኤ ላይ የማስተማር ተራ ደርሶኝ ነበር። «ጭንቀትና ክርስቲያናዊ ሕይወት» የሚለውን ርእስ የመረጥሁት ራሴ ነኝ። ሦስት ቀን ተዘጋጀሁበት። የማርታንና የማርያምን ታሪክ (ሉቃ. 10፥38-42) መነሻ አድርጌ፣ ማርታ በብዙ ሥራ ስትባክን ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን እንደሰማች አብራራሁ። ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዛሬም በየቤታችን ብዙ ማርታዎች አሉ፤ የሚጨነቅ ሰው በእግዚአብሔር ያልታመነ ሰው ነው» አልሁ። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለኝ። እናቴ ከኋላ፣ ከእናቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ብዙም አላወራችም። ደክሟት ነው ብዬ ተውኋት።

በዚያው ምሽት እናቴ እንጀራ ስትጋግር፣ እኔ ጥቂት እርምጃ ርቄ ለፈተና አነብ ነበር። የምጣዱን ክዳን እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «ልጄ፣ ያስተማርኸው መልካም ነው። ግን እኔ የምጨነቀው እግዚአብሔርን ስለማላምን መስሎህ ነው?» አለችኝ።

ልመልስ አፌን ከፈትሁ፤ ቃል ግን አልወጣልኝም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ደግሞስ ማርታ ያንን ሁሉ ባትሠራ እንግዶቹ ምን ሊበሉ ነበር?» ብላ ፈገግ አለች። ቀጣዩንም ሊጥ በምጣዱ ላይ አዞረች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በመጻሕፍት የተጻፈውን ለማስረዳት ሦስት ቀን ስዘጋጅ፣ የእናቴን ውሎ ለማወቅ አንድም ቀን አለመትጋቴ ታየኝ። በማግሥቱ ትምህርት ስላልነበረኝ ማስታወሻ ደብተር ይዤ የአንድ ቀን ኑሮዋን በሰዓት በሰዓት ጻፍሁ። ያላየሁትን ጠይቄ ሞላሁት።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር

እናቴ የምትነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተጣጥባ በሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆማ ጸሎቷን ታደርሳለች። የሁለቱን ታናናሾቼን ምሳ ትቋጥራለች። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ታክሲ ትሰለፋለች። ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናትና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል መድረስ አለባት። 2 ሰዓት ሲሆን የ14 ዓመቱ ወንድሜ ስልክ ይጠራል፤ «እኅትህን አደረስካት?» ብላ ትጠይቃለች። ስልኩን ካላነሣ እጇ ወለል ይወለውላል፤ ልቧ ግን የ9 ዓመቷን እኅቴን ፍለጋ መንገድ ለመንገድ ይዞራል።

ከሥራ የምትወጣው 11 ሰዓት ነው። ቤት የምትደርሰው ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። እራት ታቀርባለች፤ የእኅቴን የቤት ሥራ ታያለች። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ለአንድ ምግብ ቤት የምታስረክበውን 40 እንጀራ ትጋግራለች። ዕቃ አጣጥባ ጎኗን የምታሳርፈው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መብራት የጠፋ ዕለት፣ እስኪመጣ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንጎላጃለች።

ሰዓቱን ደመርሁት። በቀን የምትተኛው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በመንገድ የምታሳልፈውም ልክ 4 ሰዓት ተኩል ሆነ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመችው ብቻዋን ነው።

ከደብተሬ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን አንድ መስመር ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ እንጀራው ካለቀ በኋላ፣ ለቅዳሴ የምለብሰውን ነጠላ ታጥባለች። እንግዲህ ስለ ማርታ መባከን ባስተማርሁባት እሑድ ለብሼው የቆምሁት ነጠላ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ በእናቴ እጅ የታጠበ ነበር። የእኔ ንጽሕና በእርሷ እንቅልፍ የተገዛ ነበር ማለት ነው።

ምሰሶው ጥፋተኛ አይደለም

በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው። በሙያችን «ውጥረት» የሚባለው፣ በአንድ አካል ላይ ያረፈው ኃይል ኃይሉን ለሚሸከመው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። አንድ ምሰሶ ሲሰነጠቅ መሐንዲሱ ምሰሶውን አይወቅሰውም። ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ የተጫነው ምን ያህል ነው? ከእርሱ ጋር የሚሸከሙት ሌሎች ምሰሶዎችስ የት አሉ? መፍትሔውም ሸክሙን መቀነስ ወይም ደጋፊ መጨመር ነው። ምሰሶውን «አይዞህ፣ በርታ» ማለት ብቻውን ሕንፃ አያቆምም።

ይህን ቀመር በፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! በቤታችን ግን አላየሁትም።

የሰው አካልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አስደንጋጭ ነገር ሲገጥመን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ እግዚአብሔር ከአደጋ እንድናመልጥበት የሰጠን ሥርዓት ነው፤ አደጋው ሲያልፍም አካሉ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ነገር ግን አደጋው «ታክሲ አገኝ ይሆን? ልጄ ደረሰች ይሆን? መብራት ይጠፋ ይሆን?» እየሆነ በየቀኑ ሲመላለስ፣ አካሉ ማረፊያ ያጣል። እንቅልፍ ይሸሻል፤ ራስ ይታመማል፤ ሰው በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ የሚረሳውም ይበዛል። «እናቴ ዘንድሮ ነጭናጫ ሆነች» የምንለው፣ ብዙ ጊዜ «እናቴ ዘንድሮ ማረፊያ አጣች» ልንለው የሚገባንን ነው።

ካዛንቺስ ውስጥ የነበሩት ምሰሶዎች

ቀድሞስ እናቴ ሥራ አልነበራትም ወይ? ነበራት። እንጀራም ትጋግር ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ?

እንደምታውቁት ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው፣ በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ከሚባለው ተቋማቸው ነው። «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት ማለት ነው። በኋላ ግን ሠፈሪቱ የእኛ ሆነች። እኛም የምንኖረው ከቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳንርቅ፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚጋራበት የቀበሌ ቤት ነበር። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ጣራው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። ያለፈ ሁሉ መልካም ነበረ ብዬ አላታልላችሁም።

ይሁን እንጂ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ እኛ ልጆች «እቴቴ» የምንላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ። ታናሽ እኅቴን ከትምህርት ቤት የሚቀበሏት እርሳቸው ነበሩ። እናቴ ብትዘገይ ምሳም እራትም እዚያው ነው። ሊጥ ቢያንስ ከጎረቤት ይበደራሉ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ምጣዷን ትጥዳለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የሳምንቱ ኀዘንና ሳቅ ይወራል። ዕቁቡም ዕድሩም የማርያም ጽዋ ማኅበሩም እዚያው ነበር። እነዚያ እናቶች «ውጥረትን እንዴት እንቀንስ?» ብለው ስልጠና አልወሰዱም። ሸክሙን ለስድስት ቤት አካፍለውት ነበር እንጂ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ስትፈርስ የግቢያችን ሰው ተበተነ። ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፤ እኛ በሌላ አቅጣጫ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ እቴቴ ደግሞ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አዲሱ ቤታችን ከቀድሞው ይሻላል፤ መጸዳጃው የራሳችን ነው፤ ጣራውም አያፈስም። ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን እናቴ ቁልፉን ተቀብላ በገባች ቀን ያላየነው ነገር፣ ምሰሶዎቿ ሁሉ ከኋላ መቅረታቸውን ነው። ሸክሙ እንዳለ ነው፤ መንገዱም ተጨምሮበታል። የሚሸከመው ትከሻ ግን አንድ ብቻ ሆነ።

ያ ወቅት ወርኃ ጽጌ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ባሉት 40 ቀናት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷን (ማቴ. 2፥13-15) ታስባለች። እኔ በማኅሌቱ ቆሜ የእመቤታችንን የበረሓ ድካም በዜማ ስዘክር፣ እናቴ ዕቃ በካርቶን ታስር ነበር። ሁለቱን ማገናኘት ግን አልቻልሁም ነበር።

መጨነቅ ሁሉ አለማመን ነውን?

ጌታችን ስለ ነገ እንዳንጨነቅ፣ የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት አስተምሮናል (ማቴ. 6፥25-34)። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ማንም ሊሸረሽረው አይችልም። የእኔ ስሕተት ቃሉን መጥቀሴ አልነበረም። የደከመውን ሰው ካላመነው ሰው ጋር አንድ አድርጌ መምታቴ ነበር።

ነቢዩ ኤልያስን ተመልከቱ። ሰማይን በጸሎት የዘጋና የከፈተ፣ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ለመነ (1ነገ. 19፥4-8)። እግዚአብሔር መልአኩን ሲልክለት በተግሣጽ አልጀመረም። አስቀድሞ እንቅልፍ ነበረ፤ ከዚያም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ መጣለት። በልቶ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛም መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ ምክንያቱንም ነገረው፤ መንገዱ ለአቅሙ ሩቅ ነበርና። መንገዱ እንደሚከብድ እግዚአብሔር ራሱ መሰከረለት ማለት ነው። የደከመን ሰው ከመምከራችን በፊት ማስተኛትና ማብላት እንዳለብን ከዚህ እንማራለን።

ሊቀ ነቢያት ሙሴም ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ ይህ አካሄድ እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ ረዳቶችን እንዲሾም መከረው (ዘፀ. 18፥13-24)። ሙሴም «እምነት አለኝ፣ ይበቃኛል» አላለም፤ ምክሩን ተቀበለ። ከሁሉም በላይ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ በፈቃዱ ሥጋችን የሚጨነቀውን ጭንቀት ተጨነቀ፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ሆነ (ሉቃ. 22፥44)። ያን ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ለምኗቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ተኙ። እኔም ከተኙት አንዱ ነበርሁ።

ወደ ማርታ ልመለስ። ቅዱስ ዮሐንስ ጌታ ማርታንና እኅቷን አልዓዛርንም ይወድ እንደነበር ሲጽፍ ስሟን አስቀድሞ ነው የሚጠራው (ዮሐ. 11፥5)። ወንድሟ በሞተ ጊዜ ጌታን ልትቀበል የወጣችው፣ የእግዚአብሔር ልጅ ክርስቶስ መሆኑንም የመሰከረችው ማርታ ናት (ዮሐ. 11፥27)። ከዚያም በኋላ በቢታንያ እራት በተደረገ ጊዜ ማርታ እንደገና ታገለግላለች (ዮሐ. 12፥2)። ጌታ የነቀፈው ልቧ መከፋፈሉን እንጂ አገልግሎቷን አልነበረም። ደግሞም ያን ቃል የተናገራት እርሱ ነው፤ ሸክምን ሁሉ የሚሸከም ጌታ። እኔ ግን ከእናቴ ሸክም አንዲት ዘለላ ሳላነሣ ቃሉን ተውሼ ወረወርሁባት።

በዚህ ላይ በማርቆስ ወንጌል ያለው ተግሣጽ (ማር. 7፥9-13) መጣብኝ። ጌታችን ለአባትና ለእናት ሊደረግ የሚገባውን ርዳታ «ቁርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩትን ሰዎች ነቅፏል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስንቶቻችን ነን «አገልግሎት አለብኝ» ብለን ከቤት ሥራ የምናመልጠው? መዝሙር ጥናት፣ ጉባኤ፣ ማኅሌት፣ ጉዞ ሁሉም መልካም ነው። እናታችን ወገቧን ይዛ ስታጥብ ትተናት የምንወጣበት ሰበብ ሲሆን ግን፣ ያ ጥንታዊ «ቁርባን ነው» ባይነት በእኛ ዘንድ እንደገና ተወለደ ማለት ነው።

ሕፃኑ ምን አደረገ?

የክፍለ ከተማችን ስም የተወሰደው ከአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። የቅዱስ ቂርቆስንና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን ገድል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መኮንኑ ክርስቶስን አልክድም ያሉትን እናትና ልጅ በፈላ ውኃ ሊያጠፋቸው ጋን አስጣደ። ውኃው ሲፈላ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ያስፈራ ነበር። በዚያን ጊዜ የፈራችው እናቲቱ ናት። ቅድስት የምንላት፣ በስሟ የምንማጸነው ኢየሉጣ ፈርታለች።

ልጇ ታዲያ ምን አደረገ? እምነት ጎድሎሻል ብሎ አልዘለፋትም። አጽናናት፤ ስለ እርሷም ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ከዚያም አብረው ገቡ። የእግዚአብሔር መልአክ ቅዱስ ገብርኤልም እሳቱን አበረደላቸው። ሐምሌ 19 የምናከብረው ይህንን ነው።

ይህን ገድል ለሕፃናት ክፍል ብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ። ልብ ያላልሁት ግን፣ ሕፃኑ እናቱን ያጸናት ከውጭ ቆሞ ሳይሆን ከእርሷ ጋር ወደ ጋኑ እየሄደ መሆኑን ነው።

በቤታችን ያደረግነው

«ታዲያ ምን አደረግህ?» ብትሉኝ፣ ታላቅ ነገር የለም። ትንንሹን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም ቤት ይስማማ ይሆናል።

በመጀመሪያ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ቀጥሎ ታናናሾቼን ሰብስቤ ያን ደብተር አሳየኋቸው። ሥራውን በወረቀት ላይ ጽፈን ተከፋፈልነው። በሳምንት ሁለት ምሽት እንጀራውን የምጋግረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎቼ ዐይን የሌላቸውና ዳራቸው የተቀደደ ስለነበሩ ለእኛው ለቤት ቀሩ፤ እናቴም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንዶች ሆይ፣ ምጣድ ሥር መቆም ክህነትን አያጎድፍም። ወንድሜ እኅታችንን ትምህርት ቤት እንዳደረሳት፣ ሳትደውል በፊት «ደርሰናል» ብሎ መልእክት ይልክላታል። ይህች አንዲት ቃል ናት፤ ለእናቴ ግን የግማሽ ቀን ዕረፍት ናት። ነጠላዬንም አሁን ራሴ አጥባለሁ።

ሁለተኛው የጸሎቷ ጉዳይ ነበር። እናቴ እንደ ቀድሞው ረጅም ጸሎት ማድረስ ባለመቻሏ ኅሊናዋ ይወቅሳት ነበር፤ ይህም ሌላ ሸክም ሆኖባት ነበር። የንስሐ አባታችንን አማከረቻቸው። እርሳቸውም በአቅሟ ልክ ወሰኑላት፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች በልቧ እንድትጸልይ፣ ከሥራ ወደ ሥራ ስትሻገር ለአፍታ ቆማ እንድታማትብ መከሯት። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በበረሓ በተጨነቀ ጊዜ የታየውን አስታወስሁ። ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ ተመልሶም ሥራውን የሚቀጥል ሰው አይቶ በዚያ ተጽናና። ሥራና ጸሎት በአንድ ቀን ውስጥ እየተፈራረቁ መኖር እንደሚችሉ ከዚያ ተማረ።

ሦስተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ለወራት «ድካም ነው» የምትለው የራስ ምታት የደም ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ተጀመረላት። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል (ሲራ. 38)። ጠበልና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም። አንዲት እናት ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ምንም ነገር ደስ ካላላት፣ ከወለደች በኋላ ዕንባዋ ካልቆመ፣ ወይም መኖርን ከጠላች፣ ከንስሐ አባቷ ጋር የሥነ አእምሮ ሐኪምንም ማየት አለባት። በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ለቀልድና ለስድብ ሲውል እንሰማለን። የስሙን ትርጉም ግን እናውቃለን፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰውም እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነው።

አራተኛው ለእኔ የከበደኝ ነበር፤ አዳዲስ ምሰሶዎችን መትከል። በአዲሱ ሕንፃችን እያንዳንዱ በር ዝግ ነው። አንድ እሑድ እናቴ «ቡና ላፍላና ሰው ጥራ» አለችኝ። አፍሬ አፍሬ ሦስት በር አንኳኳሁ። ሁለቱ ከፈቱ። ከመጡት አንዷ እናት ልጆቿ ከእኅቴ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሆነው ተገኙ፤ አሁን ልጆቹን ተራ በተራ ያደርሳሉ። እቴቴንም በወር አንድ ጊዜ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። የተበተኑት የግቢያችን እናቶች የማርያም ጽዋቸውን አላቋረጡም፤ ሩቅ ቢሆንም በ21 ይሰበሰባሉ። ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዘዘው (ገላ. 6፥2) እንዲህ ባለው ቀላል ነገር ይፈጸማል።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። መንገዱ ዛሬም ሩቅ ነው። እናቴ ዛሬም ትደክማለች፤ አንዳንዴም ትቆጣለች። ነገር ግን ሌሊት የምትተኛው ከቀድሞው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጨምሯል። አሁን ስትቆጣም «ምን ነክቷት ነው?» አልልም፤ «ዛሬ ምን ከበዳት?» እላለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከእናታችሁ፣ ከሚስታችሁ ወይም ከእኅታችሁ ቀን ውስጥ አንድ ሰዓት ምረጡና በዚያ ሰዓት ምን እንደምትሠራ ጠይቁ። ከዚያም ያን ሥራ ውሰዱት። እናቶች ሆይ፣ እናንተም «ደከመኝ» ማለት ኀጢአት እንዳልሆነ ዕወቁ፤ ልጆቻችሁ እንዲያግዟችሁ ጠይቁ። እኛ ብዙ ጊዜ የማናግዘው ክፉዎች ስለሆንን ሳይሆን ስላላየን ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን ከእናቴ ጋር ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ነበር። ቅዳሴው ሲያበቃ እናቴ ከእናትና ልጁ ሥዕል ፊት ቆመች። ጥቂት ቆይታ፣ «እርሷም ፈርታ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ፈርታ ነበር።»

«ልጇስ አልተቆጣትም?»

«አልተቆጣትም» አልኋት፤ ዐይኗን ግን ማየት አልቻልሁም።

ሣቅ አለች። ወደ ውጭ ስንወጣ የሐምሌ ዝናብ ይወርድ ነበር። «እንግዲያው ጃንጥላውን ያዝልኝ» አለችና ክንዴን ተደግፋ ደረጃውን ወረደች።

የቅዱስ ቂርቆስና የቅድስት ኢየሉጣ ጸሎት፣ የቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት፣ የእመቤታችን በረከት ከእናቶቻችን ሁሉ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።